ሦስት ጎን

ሜትር የለንም፤ ከስፌት ሣጥኗ ቀይ ክር ሳብኩ፣
ከወለል እስከ ፍራሽ ለክቼ ጫፉን ቋጠርኩ።
አልጋችን አራት ጡብ ላይ ናት፤ አምና አዌቱ ሲሞላ፣
ጫማችን ሳሎን ለሳሎን ሲዋኝ ካደረ በኋላ።
ለዚህ ነው ከሱቅ ያለቀ፣ የተሠራ የማይሆነን፤
ሰው ሁሉ የሚተኛበት ከፍታ አይደለም ያለን።

መርካቶም ሄደን ነበረ። ነዚፍ የሚባል ባለሱቅ
ዚፑን ከፍቶ፣ ዚፑን ዘግቶ፣ ጎማውን ሲያሽከረክር፣ ሲሥቅ፣
«ከውጭ ነው የመጣ» አለን፤ መረብ አለው፣ አሻንጉሊት፣
ሲጫኑት የሚያንጎራጉር፣ ባትሪው ሲያልቅ ዝም የሚል ሌሊት።
ሐውለት ግን እጇን ሰዳ ፍራሹን ተጫነችው፤
እንደ ሊጥ ሰመጠ ስፖንጁ። «ፊቱ ቢቀበርስ?» አለችው።
ዋጋውን አልጠየቅንም። ውሸቴን ነው፤ ጠይቄያለሁ፤
ከአጂፕ ፈረንጅ አራዳ ስንት ምልልስ እንደሚሆን ቆጥሬያለሁ፤
የእጄ ጣት አልቆ በእግሬ ቀጥያለሁ።

እናቴ ሰምታ ገረማት። «ሰባት ወለድኩ» አለች፣ «ሰባት፣
አጥር የታጠረለት የለም፤ ክንዴ ነበረች የሁሉም ቤት።
ደግሞስ ሳይወለድ አልጋ? ላልመጣ እንግዳ ይነጠፋል?
ዝም በል፤ በየሱቁ አታውራው፤ የሰው ዓይን ጆሮ አለው፣ ይሰማል።»

ሐውለት አልመለሰችላት። ሌሊት ግን፣ መብራት ጠፍቶ፣
«እንቅልፍህን ታውቀዋለህ» አለችኝ፣ ድምፅዋ ሳስቶ፤
«አምና ውኃው ሲገባ እንኳ እኔ ነኝ በእግርህ ጎትቼ ያነቃሁህ።
በመካከላችን ቢተኛ፣ እንዴት አድርጌ ልመንህ?»
እውነት ነው። ምን እላለሁ? ቀን ባጃጅ፣ ማታ ድንጋይ ነኝ።
እንዲያ ያለ እውነት በጨለማ ከዚያ በፊት አላገኘኝ።

ክሩን ይዘን ሄድን ሄርማታ፣ ጋሽ ከሊፋ ዘንድ፤
ባለ ሦስት እግር በርጩማ የሚፈለፍል ከአንድ ግንድ።
የዋንዛ ጣውላ አንኳኳና እንደ ሐኪም ጆሮ ሰጠ፤
ክራችንን ከእርሳሱ ጋር ከጆሮው ኋላ ሸጎጠ።
«የርብራቡ ክፍተት ስንት?» ሐውለት ከፌስታል ሎሚ አወጣች፤
«ይህ እንዳያልፍ» አለችው። ሎሚዋ ጣውላው ላይ ቀረች።
«ጎኖቹስ?»
«ሦስት።»
ቀና አለ። «ልጄ፣ ቤት እንኳ አራት ነው፤
ሦስት ጎን ያለው በረት፣ በረት አይደለም፣ በር ነው።»
«አራተኛው እኔ ነኝ» አለች።

ጋሽ ከሊፋ መጋዙን አስቀመጠ። በርጩማዎቹን አየ፤
ወለሉ ጉድጓድና ጉብታ፣ ከቆሙበት ግን አንዱም አልተለየ።
«እሺ» አለ። «መሬት ሲጎረብጥ አራት እግር ይንገዳገዳል፤
ሦስት ግን ይቆማል።»

ቀኗን አልጠበቀችም ግን፤ ሃያ ቀን ቀድማ መጣች፤
አልጋው ብርጭቆ ወረቀት ሳይነካው እሷ ጮኸች።
በሦስተኛው ቀን እናቴ ከቤት ጠፋች ሳትናገር፤
በጓደኛዬ ባጃጅ መጣች፣ ጋቢ ለብሶ አብሯት የሆነ ነገር።
«የሰው ዓይን አለ» አለች። ገልጣ ዳሰሰች ጠርዙን፤
«ሁለቴ አስፋቅሁት» አለች፣ «ስንጥር እንዳይወጋት እጇን።»
ጥግ ላይ ሎሚዋ ነበረች፣ ደርቃ፣ እንደ ጠጠር ጠንክራ፤
ጋሽ ከሊፋ የላከልን፣ ያልበላው የሰው አደራ።

ክሩ ተስቦ ኖሯል፤ አልጋው አንድ ጣት ጎደለ።
ያ ጎርፍ ያዋኘው ጫማ፣ ሶሉ ተቆርጦ ከሥሩ ዋለ።

ዛሬ ሌሊት ይዘንባል። ድንጋዩ ሰውዬ አልተኛም።
ስም ገና አልወጣላትም፤ ትተነፍሳለች፤ ሌላ ነገር አልሰማም።
የሐውለት እጅ ከፍራሹ ተሻግሮ ሆዷ ላይ አርፏል፤
በእንቅልፏም አጥር ናት፤ ጣቷ አንዳንዴ ይንቀሳቀሳል።
እኔ በዚህኛው ዳር ነኝ፣ ጎን ሆኖ ያልተቆጠረው፣
የዋንዛው ሽታ የሚደርሰው፣ ሙቀቱ የሚያልፈው።
ቆርቆሮው ላይ ዝናቡን፣ ከዝናቡ ወዲያ አዌቱን
አደምጣለሁ። እግሬን አውርጄ እዳስሳለሁ ጡቡን።
ደረቅ ነው። እስካሁን።