ያልኖረው ዓርብ

ሙሊፋኑአ ወደብ ላይ፣ ከትኬት መስኮቱ ኋላ፣
አንዲት ኮምፒውተር አለች፣ ቁልፏን ጨው የበላ፤
ፌቱአኦ ናት የጻፈችላት፣ በሲ ቋንቋ፣ በሁለት ሌሊት፣
ለጀልባው ትኬት ማተሚያ፣ ቀን የሚያወጣ ስሌት።

«ዛሬ ምንድን ነው?» ቢሏት፣ ማሽኗ ዛሬን አታውቅም፤
ሰኞን ከእሑድ አትለይም፣ በዓል ቢመጣ አትስቅም፤
አንድ ረጅም ቁጥር አላት፤ ከሺ ዘጠኝ መቶ ሰባ መባቻ
እስካሁን የተንጠባጠበ ሰከንድ፣ ሰከንድ ብቻ።

ፌቱአኦ ያን ቁጥር ወስዳ፣ እንደ ሸንኮራ ትሰብረዋለች፣
ሰዓቱን ከደቂቃው፣ ወሩን ከቀኑ ትለያለች፤
ወሩ ግን ከዜሮ ይነሣል፤ ጃንዋሪን ባዶ ይለዋል፤
ዓመቱም ሺ ዘጠኝ መቶውን ውጦ ዝም ይላል።
አንድ ሰሞን መደመሩን ረስታው፣ አሳማ የጫነ ነጋዴ
በመቶ አሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት ተሻገረ አንዴ።

ደግሞ ሌላ ጉድ አለው።
የመነሻውንም የመድረሻውንም ሰዓት የሚያኖርበት ቋት አንድ ነው፤
የኋለኛው ሲመጣ የፊተኛውን ያብሰዋል፣
ጀልባዋ በተነሣችበት ደቂቃ ደርሳ ትገኛለች።
«ገልብጠህ ካልያዝኸው» ትለዋለች ተለማማጇን ኤቲሞኒን፣
«ያለፈው አይጠብቅህም።»

በዚያ ዓመት አገሩ በሙሉ የቀን መስመሩን ተሻገረ፤
ሐሙስ፣ ዲሴምበር ሃያ ዘጠኝ፣ ሕዝቡ ደወል እየሰማ አደረ፤
ሲነጋ ቅዳሜ። ሠላሳ የሚባለው ዓርብ
ከሳሞአ ደጃፍ ዘወር አለ፣ ሳይነጋ፣ ሳይቀርብ።

ቅዳሜ ጠዋት ፔሳሚኖ፣ ሽማግሌው፣ ምንጣፍ ተሸክሞ፣
ቅርጫት ጎደሬ በእጁ ይዞ፣ መስኮቱ ሥር ቆሞ፣
ማሽኗ አዋጁን ሳትሰማ፣ በጥቅምት የተቆረጠ፣ ከደረቱ
አንድ ትኬት አወጣ፤ «ዓርብ ይላል፤ ልጄ፣ የታለ ዕለቱ?

ወንድሜ ማዶ ሳቫይ ነው።
በአንድ የዳቦ ፍሬ ዛፍ ተጣልተን አሥራ አንድ ዓመት አልተያየንም።
ዓርብ መጥቼ እታረቃለሁ ብዬ ላክሁበት።
ይኸው ዓርብ የለም።»
አለና፣ ምን ልበል፣ እፎይታ የመሰለ ነገር በፊቱ አለፈ።

ፌቱአኦ ወደ ማሽኗ ዞረች። የሐሙስን መጨረሻ
ቁጥሩን አወጣች፤ ቀጥላም የቅዳሜን መነሻ፤
በየቋታቸው ገልብጣ፣ አንዱን ከአንዱ ቀነሰች፤
አንድ። ደግማ ቀነሰች።
አንድ። ወደ መስኮቱ ተመለሰች።

«አባባ፣ ቁጥሩ እንደሆነ አንዲት ሰከንድ አልጎደለ፤
የተዘለለው ስም ነው፤ ጊዜውስ አልተዘለለ።»
«ትኬቱስ?»
«ይሠራል።» እስክሪብቶ አነሣች፤ ሠላሳን ሰረዘች፣
ከጎኑ ሠላሳ አንድ ብላ በእጅ ጽሕፈቷ ሞነጨረች።

ጀልባዋ ጮኸች።
ፔሳሚኖ ምንጣፉን ከግራ ትከሻው ወደ ቀኙ አዛወረ፤
«እንግዲያው ሰበብ የለኝም» አለ፣ እግሩ ግን እዚያው ነበረ።
ከመስታወቱ ኋላ ቁጥሩ አንድ ጨመረ። ደግሞ አንድ።
ኤቲሞኒ ወጥቶ ቅርጫቱን አነሣለት።