ደረጃ

ሃያ ስድስት ዓመት ኮምቦልቻ ፋብሪካ
ጨርቁን በመብራት ላይ በዓይኔ ስለካ፣
የተዘለለ ድር፣ የዘይት ጠብታ
አምልጦኝ አያውቅም፣ በቀን ሆነ ማታ።
አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያልኩኝ
ስንቱን ጣቃ አቡጀዲ በጠመኔ ጫርኩኝ።

መቀነቴ ሲያጥረኝ፣ ሆዴ ሲነፋብኝ
«ጨጓራ ነው» ብዬ ስድስት ወር አለፈኝ።
ደሴ ላይ ውሃውን በመርፌ ቀዱልኝ፤
ከሥጋዬ ቆንጥረው ሸገር ሰደዱልኝ።
መልሱ የመጣ ለት ጦሳ ጉም ለብሷል፤
ልጅ እግሩ ሐኪም ወረቀት ያጣጥፋል።

«እትዬ ሉባባ፣
ከማህፀን ቱቦ ነው የተነሳው፤
ብዙ አይገጥመንም።
ጉበት ደርሷል።
ደረጃ አራት።»

«ልጄ፣ በእኛ ፋብሪካ አራት የሚባል የለም።
ሦስተኛውም ቢሆን ተጥሎ አያውቅም፤
በኪሎ ይሸጣል፣
ትራስ ይሆናል፣
ሕፃን ይጠቀለልበታል።»

ቀና ብሎ አየኝ።

አሁን በየሦስት ሳምንቱ ሐረጎን እወጣለሁ፤
መድኃኒቱ ሲወርድ ጠብታ እቆጥራለሁ፣
ነርሷ ትስቅብኛለች።
ፀጉሬ ረገፈ። መቀነቴ ላላ።
ትናንት የአልጋውን አንሶላ ገልብጬ ሳይ
የእኛው ፋብሪካ ነው፤
ጥጉ ላይ አንድ ድር ተዘሏል።
ማን አሳለፈው?
የእኔ ፈረቃ ይሆን?

ተከናንቤው ተኛሁ።