አሥረኛው ቃል

ሮዛርዮ፣ ወንዙ ቡናማ ሆኖ በሚያልፍበት ዳር፣
አራት ነበርን እኛ፤ አራት ቁልፍ፣ አንድ በር።
አባቴ ማቀዝቀዣ ጠጋኝ፣ ሳሎ የሚሉት፣
ራቱን ቆሞ ይበላል፣ ከድስቱ፣ በሌሊት።
እናቴ ፔርላ፣ የሆስፒታል ሌሊት ተረኛ፣
እኛ ስንወጣ ትገባለች፣ ጠዋት ልትተኛ።
ወንድሜ ሌዮን ጆሮውን በሙዚቃ ደፍኖ፣
እኔ ከቴሌቪዥኑ ጋር፣ ሳህኔ ጉልበቴ ላይ ሆኖ።
አልተጣላንም። መጣላት ጊዜ ይፈልጋል።
ማቀዝቀዣው ላይ ብጣሽ ወረቀት ይለጠፋል፤
«ወተት አልቋል።» «የመብራት ክፈሉ።»
የሳምንት ወጋችን ይኸው ነው በሙሉ።

አንድ ዓርብ፣ ሊመሽ ሲል፣ ስልክ ተደወለ።
ዶን ኢሰር ነው፣ የምኩራቡ ሽማግሌ።
«ዘጠኝ ነን» አለ፤ «አንድ ሰው ጎደለን።
የማልካ ባል ሙት ዓመት ነው፤ ካዲሽ ልትል ቆማለች፤
ያለ አሥር ሰው አይባልም፤ እባክህ ድረስልን።»
«እኔ» አለ አባቴ «የእግዜርን ቤት አላውቀውም፤
ከሠርጌ ወዲህ ደጁን አልረገጥሁም።»
«እግዜርን ማን ጠየቀህ?» አለ ሽማግሌው፤
«የጎደለን ቁጥር ነው።»

እጁ ግራሶ እንደሆነ ሄደ።
ሲመለስ በወረቀት ጠቅልሎ የያዘው
ከተጎነጎነ ዳቦ የተረፈ ቁራሽ ነው።
ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።
(ተቀመጠ! እኔ ይህን አይቼ አላውቅም።)
«እንዴት ነበር?» አለች እናቴ፣ የሥራ ጫማዋን እያሰረች።
«ማቀዝቀዣቸው» አለ «ያቃስታል።»

እሑድ ሊያየው ሄደ፣ ሌዮን ባትሪ እንዲያበራለት።
የምኩራቡ ኩሽና ወለል ላይ በደረት ተኝተው
አራት የጫማ ሶል ብቻ ነበር የሚታየው።
«ወደ ግራ።» «እዚህ?» «እሱ ጋ።» «ያዝልኝ።»
ከወር ዝምታ ወዲያ ይህም ቅኔ መሰለኝ።

በሐምሌ ብርድ የእናቴ እናት ሞተች።
እናቴ፣ የሰው በሽተኛ ስትገለብጥ የኖረች፣
«ሰኞ ተረኛ ነኝ» አለች። ማልካ ሰማቻት፤
ቃል ሳትተነፍስ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ አስቀመጠቻት።
ሰባት ቀን። መስታወቱ ተሸፈነ፣ ቴሌቪዥኑም በአንሶላ፤
ስም የሌለው ድስት ይገባል፣ አንዱ ሲወጣ ሌላ።
(የማን ክዳን የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልለየም።)
በሰባተኛው ጠዋት እጇን ይዘው አስነሧት፤
ሰፈሩን አንድ ዙር አዙረው ከደጃችን መለሷት።
ያን ቀን ነው እናቴ ያለቀሰችው።

ሁሉ ማር አልነበረም። ዶን ኢሰር ግትር ነው፤
በአንድ ማሞቂያ ሰበብ ግማሹን ሰው አኩርፏል።
እናቴና ማልካ በድስት ክዳን ተነሥተው
አንድ ጸደይ ሙሉ ሳይነጋገሩ አልፏል።
እኛም ቤት ጠብ ገባ። ጊዜ አገኘን መሰለኝ፤
ሌዮን ሹካ ወርውሮ «አባዬ፣ ስማኝ!» ሲል፣
አባቴ፣ አፉ እንደሞላ፣ ማኘኩን አቁሞ ሰማው።

ሰው፣ በእኛ ልማድ፣ በቁጥር አይቆጠርም፤
አንድ፣ ሁለት ተብሎ በሰው ላይ ጣት አይቀሰርም።
አሥር ቃል ያላት አንዲት አጭር ጸሎት አለች፤
ለእያንዳንዱ ራስ አንድ ቃል ታድላለች።
ጸሎቷ ከሞላች፣ ሰው ሞላ ማለት ነው።
በእኛ ምኩራብ ሴትም ቃል ናት፤
እኔ ዐሥራ ሦስት ዓመት የሞላኝ ቅዳሜ
አባቴ በር ላይ ሆኖ የመጨረሻዋን ቃል
ወደ እኔ ዞሮ ሲላት
ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

ዶን ኢሰር አፈር ከለበሰ ቆየ። ሌዮን ኮርዶባ ነው፤
ዓርብ ዓርብ ይደውላል፣ «ሞተሩ ይጮኻል፣ ምን ላድርገው?»
(ሞተሩ ደኅና ነው። ሁላችንም እናውቃለን።)

ትናንት እናቴ ሹካ ስታድል ሰማኋት፤
ጸሎቷን በሹክሹክታ ከሳህን ሳህን ትበትናት።
ከማልካ ወንበር ስትደርስ፣ ስድስተኛው ቃል ላይ ቆመች።
«የቀሩት አራት ቃላትስ?» አለች ልጄ።
ፀሐይ ልትገባ ነበር።
አባቴ መነጽሩን አድርጎ
ስልኩን አንሥቷል።