ምትክ

ዓራድ፣ ሐሙስ ማታ፣ ጋራዡ ሳይዘጋ፣
እሽቅድድሙ ነገ ነው፤ ተተኪ ነጂ ፍለጋ።
የዞሃር ቀኝ ክንዱ ጄሶ ውስጥ ገብቷል፣
ወንበሩ በልኩ ተቀርጾ ቀርቷል።

ኒሲም አለቃችን ካርቶን ቀዶ ጻፈ፣
ሦስት ስም ደርድሮ ብዕሩን አሳረፈ።
አንዱ ባለ ዋንጫ፣ ስሙ የተጠራ፤
አንዱ አባቱ ከፋይ የቡድኑን ኪሳራ፤
ሦስተኛዋ እንግዳዬ፣ የቤርሳቤህ ሹፌር፣
በቀን አውቶቡስ ላይ፣ ማታ ማታ እኛ በር።

እኔ ጎማ ቀያሪ፣ ድምፅ የለኝም ከቶ፤
«አንተስ?» አለኝ ኒሲም፣ ሻዩን አንስቶ።

ቃል አልመለስኩለት። ከጥግ አንከባልዬ
ሦስት ጎማ አመጣሁ፤ የባለ ዋንጫው፣ የልጁ፣ የእንግዳዬ፤
በሙከራው ዕለት ሃያ ሃያ ዙር የሄዱ፣
ስማቸውን በጠመኔ የጻፍኩባቸው።

የባለ ዋንጫው ጎማ ትከሻው ተልጦ፣
በየመታጠፊያው ለጭብጨባ ሮጦ።
የልጁ ባንድ ጎን ሞረድ ያለፈበት
ይመስላል፤ ደንግጦ ፍሬን የረገጠበት።
የሷ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው ያለቀው፤
ቆሞ የሚሄድ ሽማግሌ
ሳያንገዳግድ ማድረስ ለለመደ ሰው
ይሄ አዲስ አይደለም።

ኒሲም መዳፉን ጎማው ላይ አሳለፈ፤ ጠቆረ ጣቱ።
በዚያው ጣት ካርቶኑን ዳሰሰው፤ ጠፉ ሁለቱ።

ደወልን። ከኋላዋ የአውቶቡስ በር ሲከፈት፣ ሲዘጋ፤
«እመጣለሁ» አለች፣ ዝም ብላ ቆይታ፤
«ግን የኔንስ ወንበር ማን ይያዝልኝ፣ ዓርብ ሲነጋ?»