ውሃው አልመዘነኝም

ሚዛኑ ላይ ወጣሁ ጫማዬን ፈትቼ፣
የኪሴን ቁልፍ እንኳ ለሃልዶራ ሰጥቼ፤
ትንፋሼን ዋጥ አርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣
አየር የሚያቀለኝ መስሎኝ፣ ሞኝ ሆኜ።

ሃልዶራ አዋላጅ ናት። በእኛ በአይስላንዶች አንደበት
አዋላጅ ስትጠራ ትባላለች «የብርሃን እናት»፤
ኅዳር ሲጋመስ፣ ፀሐይ ተራራውን መዝለል ሲያቅታት፣
ያ ስም የሚገባን ያኔ ነው፣ በጨለማው ሰዓት።

ቁጥሩን ጻፈች እንጂ አንዳች አልተነፈሰችም፤
እንደዚያ እንደ ሐኪሙ ቅንድቧን አልሰቀለችም።
«ስቴይኑን፣ ለመክሳት አትጣሪ፤ ጊዜው አሁን አይደለም፤
ጾም የሚያሻው ነገር በሆድሽ ውስጥ የለም።
ግን ‹ለሁለት መብላት› የሚሉት ተረት ነው፤
ሁለተኛው እንግዳ ገና አውራ ጣት ነው።
ረቡዕና ዓርብ ውሃ ግቢ። ሌላውን ቀን ተራመጂ፤ ዳገት አትፍሪ፤
እየሄድሽ ማውራት ካቃተሽ ግን ቁሚ፣ ተንፍሺ፣ ከዚያ አውሪ።»

እኔ ጋጋሪ ነኝ።
ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ምድጃ ለኩሼ፣
ሊጡን በጡንቻዬ አሽቼ አለስልሼ፣
የቀረፋ ጥቅልል በቅቤ አርሼ፣
ጠርዙ ያረረውን፣ ቅርጹ የጠመመውን
እኔው ጎርሼ።
«ምግብ መጣል ኃጢአት ነው» ይል የነበረ አባቴ
አሁንም ይናገራል፣ ከሞተ በኋላ፣ ከውስጥ ከአንጀቴ።

የገንዳው ሕግ ክፉ ነው። ወደ ውሃው ከመዝለቅ በፊት
ራቁትሽን ታጥበሽ ነው፣ ሴቱ ሁሉ በሚያይበት፤
ግድግዳው ላይ ሥዕል አለ፣ የት የት እንደሚታሸት።
ሦስት ቀን መጣሁ፤ ሦስት ቀን ከበሩ ተመለስኩ፤
ደረቅ ፎጣዬን ታቅፌ በበረዶው ቤቴ ደረስኩ።

በአራተኛው ገባሁ። አንዲት ሰማንያ ዓመት ያለፋት፣
ጡቷ እስከ እምብርቷ የወረደ፣ ጉልበቷ የተሰፋ አሮጊት፣
«ልጄ፣ ትንሽ ፈንጠር በይ፣ ቧንቧው የጋራችን ነው» አለች።
ስለ ሆዴ መች ጠየቀች! ሙቅ ውሃዋን ፈለገች።

ከዚያ ውጪ፣ በረዶው እየወረደ፣ እንፋሎቱ እየወጣ፣
ደረጃውን አንድ አንድ ወረድኩ፤ ውሃው እስከ አገጬ መጣ።
የዓሣ ሣጥን ይመስል ስጎትተው የኖርኩት ገላ
ተንሳፈፈ እንደ ታንኳ፤ ወገቤ ከቀንበሩ ላላ።
ሚዛኑ ቁጥር ነገረኝ፤ ውሃው ግን ምንም አላለኝ፤
ብቻ ከሥር ገባና፣ እንደ ዕዳ ሳይሆን እንደ ሰው ቻለኝ።

ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። ታኅሣሥ ላይ ወጀብ ሳምንት ከቤት አዋለን፤
የተጨሰው የበግ ጮማ፣ ድንቹ በነጭ መረቅ፣ ማን ይከለክለን!
ከዚያ ወዲያ ሚዛኑ ላይ ስቆም ሃልዶራ አልተቆጣችም፤
«ነገ ረቡዕ ነው» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ጠዋት የአጃ ገንፎ፣ ቀን ዓሣና ካሮት፣ ማታ እርጎ፤
ሆዴ ያንጎራጉራል አንዳንዴ፣ የቀረፋውን ሽታ ፈልጎ።
ያረረውን ጥቅልል አሁን ለቁራዎች እሰጣለሁ፤
አባቴ ሲያጉረመርም «እነሱም ነፍስ ናቸው» እለዋለሁ።

ጥር ሲጋመስ ፀሐይ ተመለሰች፣ በተራራው ጥርስ መሐል፤
በከተማችን ደንብ ያን ቀን ስስ ቂጣ በክሬም ይበላል።
ሁለት መቶ ጋገርኩ። አንዱን፣ ቆሜ ሳይሆን ተቀምጬ፣
በሰሐን አድርጌ በላሁ፣ ጫፉን በሹካ ቆርጬ፣
ማንንም ይቅርታ ሳልጠይቅ።

ከዚያ ፎጣዬን አነሣሁ።
ከውስጥ አንዳች ነገር ጫር አደረገኝ፣
«ሰዓቱ አልደረሰም?» የሚል ይመስል።
ረቡዕ ነበር።