የጎንዮሽ

«ከአስር ስንት ነው?» ይለኛል ሐኪሙ፣
ለሱ ቁጥር ሆኖ የሥቃዬ ስሙ።
ሰባት አልኩ፤ ጻፈ። ሰባት ግን አይደለም፤
በደም ምርመራ ላይ፣ በራጁ ላይ የለም፤
አንሶላ ሲነካኝ እንደ ሳማ ለብልቦ፣
ከትከሻ ተነሥቶ እስከ ጣቴ ስቦ፣
ሌሊቱን ተኝቼ ያልተኛሁ የሚያስመስል፣
እማኝ ያጣ በደል፣ ሰው ፊት የሚቃለል።

ቫርዶ፣ በታኅሣሥ፣ ፀሐይ በማትወጣበት፣
ከዓሣው ፋብሪካ፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ቤት፣
ሃያ ሁለት ዓመት ዓሣ ስበልት ኖሬ፣
ቢላዋ ማንሣቱ ከበደኝ ዛሬ።

መጀመሪያ የመጣች አሚትሪፕቲሊን ናት፣ የማታዋ ክኒን።
እንቅልፍስ ሰጠችኝ፣ ውለታ አልክድም፤
አፌ ግን ደረቀ፣ ምራቄ አይወርድም፤
ጠዋት አርንቪድ ሲጠራኝ
ከጉድጓድ አፍ ላይ እንደሚጣራ ሰው ነው የምሰማው።

ፕሪጋባሊን መጣ፤ ትከሻዬ ቀለለ፣
እግሬ ግን አበጠ፣ ቦት ጫማው አልገባ አለ።
ስድስት ኪሎ ጨመርኩ። ከኪሎውም ይልቅ
ቃል ጠፋኝ፤ «መቀስ»ን ፈልጌ ስጨነቅ፣
«ያ... ሁለት እግር ያለው፣ የሚቆርጠው» አልኩኝ፤
ኢንግቪልድ፣ የልጄ ልጅ፣ ሳቀች። አብሬ ሳቅኩኝ።
ኋላ መታጠቢያ ቤት ዘግቼ
መቀስ፣ መቀስ እያልኩ እንደ ተማሪ አጠናሁ።

ሦስተኛው ዱሎክሰቲን።
ሳምንቱን ሙሉ አቅለሸለሸኝ፣ ላብ አጠመቀኝ፤
ከዚያ፣ እውነቱን ልናገር፣
ሰባት አራት ሆነ! ደረጃ ወጣሁኝ፣
አንሶላው አንሶላ ብቻ ሆነልኝ።

በመጋቢት ወንድሜ ሞተ። ቶርጊልስ።
ሣጥኑ ሲወርድ፣ አገር ሲያለቅስ፣
ዓይኔን ጠበቅኩት፣ እንባ ግን አልመጣም፤
ኀዘኔ በር ቆሞ ቢያንኳኳ አልገባም።
ለካ ሕመምና ለቅሶ ባንድ በር ነው የሚገቡት፤
ዘበኛው ሁለቱን አይለይም።

«የጎንዮሽ ጉዳት» ይላል ወረቀቱ፣
እንደ ጉንዳን በደቀቀ ፊደል፣ ተጣጥፎ በካርቶኑ።
ከጎኔ ያለው ግን አርንቪድ ነው፤
በሌሊት ያላበኝን አንሶላ የሚቀይር፣
ቦቴን ጎንበስ ብሎ የሚያወልቅ፣
ሳልናገር መብራቱን የሚቀንስ።
እኔ በዋጥኩት የሱ ጎን ሲጎዳ
በየትኛው መስመር ላይ ነው የተጻፈው?

«ከአስር ስንት ነው?»
«አራት» አልኩት። «ግን ቀንስልኝ፤ ቀስ ብለህ፣ አንተ እንደምታውቀው።
አምስት ይሁን። ባንዷ ቁጥር
እንባ ልግዛባት።»
ዝም አለ። ብዕሩን አስቀመጠ። መልሶ አነሣው።

ውጭ ነፋሱ ጥፊ ነው።
መቀስ፣ አልኩ ለራሴ።
አለች።