ሁለት መቶ ቃል

ከድልድዩ በታች ውኃው ግግር ሲሆን፣
በየሁለት ዓመቱ፣ በየካቲት ሰሞን፣
ታርቱ የከተመው የኛ ትንሽ ማኅበር፣
የነርቭ መድኃኒት ሲያጠና የሚያድር፣
መሪ ይመርጣል።

እኔ ጸሐፊ ነኝ። ደንቡ፦ «እጩ ሁሉ
ከሁለት መቶ አይለፍ ስለ ራሱ ቃሉ።»
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆጥሬያለሁ በጣት፤
ትርፉን እቆርጣለሁ በቀይ እርሳስ ስለት።
ሌላው ቃሉን ሲበላ ይታማል በሰው፤
እኔ በደመወዝ ነው የሰው ቃል የምቀምሰው።

ለገንዘብ ያዥነት ብቻውን የቀረበው
ታርሞ ኬሳ ነው፣ ሁለት ቃል የጻፈው፦
«ገንዘቡ ይቆጠራል።»
አመንኩት።

ለሊቀመንበርነት ሁለት ሰዎች አሉ።
ሄልዱር ፒህላክ አንዱ። ጽሑፉ ሲመጣ፣
ሦስት መቶ አርባ ነው፣ ከልኩ የወጣ።
ሽልማት በተርታ፣ ወንበር በየተራ፣
ሄልሲንኪ ያስተማረ፣ ሪጋ ላይ የመራ፣
«አስፋፋለሁ» ብሎ፣ «አገናኛለሁ» ብሎ...
ስቆርጥ፣ ስከረክም፣ ከመጨረሻው ላይ
አንዲት አንቀጽ ነገር ተደብቃ ባይ፣
እርሳሴ ቆመ፦

«አባቴ መርከብ ጠጋኝ ነበር፤ ይጠጣል። ሌሊት ብርጭቆውን እያየ፣
‹ሄልዱር፣ እጄ ነው የሚሄደው፣ እኔ አይደለሁም› ይለኝ ነበር።
እጁን ማን እንደሚልከው ለማወቅ ነው ይህን ሙያ የያዝኩት።»

ሃያ አራት ቃል።

ስልክ ደወልኩለት። መኪና ውስጥ ነበር፤
የመስታወት መጥረጊያው ሲሄድ ሲመጣ ይሰማል።
«ፕሮፌሰር፣ ቦታ የለም፤ አንዱ ይውጣ ግዴታ፦
የቪልኒየሱ ሜዳሊያ? ወይስ የአባትዎ ማታ?»
መጥረጊያው አራት ጊዜ ሄዶ ተመለሰ።
«አባቴን ሰርዢው» አለኝ፣ ድምፁ አነሰ።

ማይሬ ቫይክሜትስ ግን ይችን ብቻ ላከች፦

«ለዐሥራ አንድ ዓመት አንድ መድኃኒት ሞከርኩ። ለድብርት ነበር። አይሠራም።
እንደማይሠራ ጽፌ አሳተምኩ፤ ማንም አልጠቀሰው።
ከመረጣችሁኝ፣ ‹አልሠራም› የሚል ሰው በጉባኤያችን ወንበር ያገኛል፤
መስኮት አጠገብ፣ ሙቀት ባለበት።
አይጦቹ ሁለት ሺህ ነበሩ። ይቅርታ ጠይቄያቸው አላውቅም።»

«መቶ ስልሳ ስምንት ቃል ይቀርዎታል» ስላት፣
«ነጭ ይቅር» አለች። ሳልም ሰማሁባት።
ያኔ የማይነገር ነገር አፌ አመለጠኝ፦
«ሰው አለ፣ ቃል ያነሰው።» «ታዲያ ምን ቸገረኝ!
ቃሌን ለሱ ስጪው።»

ደንቡ አይፈቅድም። ቃል በውርስ፣ በውሰት፣
በስጦታ አይሄድም ከቤት ወደ ቤት።
ሜዳሊያውን አተምኩ። አባትየው ቀረ።

ፒህላክ አሸነፈ፣ በዘጠኝ ድምፅ ብልጫ።
(አንዱ ወረቀት ላይ «አይጦቹን መርጫለሁ» ይላል፤
ዋጋ የለውም ብዬ ጣልኩት። ታርሞ ግን ቆጥሮት ነበር።)

በሚያዝያ ጉባኤ አዲሱ መሪ ሲናገር፣
ለንግግር ወሰን የለውም፤ የፈለገውን ያህል ያወራል።
እኔ ግን ከኋላ ወንበር፣ ልማድ አይለቅ፣ በጣቴ
ቆጠርኩ። ሁለት መቶ ሲሞላ፣ ውኃ ሊጠጣ አቆመ።
ብርጭቆውን አየ።
እጁን አየ።
አዳራሹ ዝም አለ፤ እኔም ጣቴን ያዝኩ።
ከዚያ ስለ በጀት ቀጠለ።

ማይሬ ካፖርት መስቀያው ጋ ጓንቷን እያጠለቀች፣
«ቃሌን ሰጠሽው ወይ?» አለች።
«ደንቡ እኮ...» አልኳት።
«ደንቡ ራሱ ስንት ቃል ነው?» ብላኝ ወጣች።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት! ቆጥሬው አላውቅም።

ማታ፣ ሰው ሲበተን፣ መሳቢያዬን ከፈትኩ።
አባትየው እዚያው ነው፣ ከነቀዩ ሰረዝ፣
ብርጭቆውን እያየ።
ፈቀቅ አደረግሁትና ደንቡን ከሥሩ መዘዝኩ፤
መነጽሬን አደረግሁ፤
አንድ...
ሁለት...